የአንጀት ካንሰር ምርመራ ወረፋው ከማን ይጀምር?

እዚህ ጅማ ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ኪንታሮት ነው ተብሎ ነው። ካልሆነ ደግሞ አሜባ። ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል፣ ትንሽ ሻል ሲለው ይተወዋል፣ ሲመለስበት ኪንታሮት እነቅላለሁ የሚል የባህል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በዚህ መሃል ወራት ያልፋሉ። ሆስፒታል ሲደርስ ዕጢው አንጀቱን ሊዘጋው ተቃርቧል።

በጣም የሚያናድደኝ በሽታው ጊዜ የሚሰጥ መሆኑ ነው። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ሲሆን፣ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ 10 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከታየ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል።

ለማህጸን በር ካንሰር ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ምልክት ባይታይባቸውም እንዲመረመሩ የሚል አገር አቀፍ መመሪያ አለን። ለአንጀት ካንሰርም ያስፈልገናል። ግን ከውጭ ተገልብጦ አይሁን። አሜሪካኖች በ2021 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ምርመራ ዕድሜን ከ50 ወደ 45 ዝቅ አድርገዋል፤ እኛ ያንን ብንቀዳ ያሉን ጥቂት የኮሎኖስኮፒ መሣሪያዎችና ባለሙያዎች ለማን ይዳረሳሉ? አቅም ያለው አዲስ አበባ ሄዶ ይመረመራል፣ የዴዶ ገበሬ ይቀራል።

ስለዚህ ወረፋው በተጋላጭነት ይደልደል። እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ቶሎ በሚመጣው ይጀምር። ሊንች ሲንድረም በሚባለው፣ ለአንጀት ካንሰር በሚያጋልጥ የዘር ችግር የተጠቁ ቤተሰቦች ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። አንጀትን በመቶዎች በሚቆጠር ፖሊፕ የሚሞላ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸው ደግሞ ገና በልጅነታቸው፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሆናቸው። እነዚህ ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ ባለን አቅምም ልንደርስላቸው እንችላለን።

ለሌላው ሰው በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልግ የሰገራ ምርመራ አለ፣ ርካሽ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሮጌው ዓይነት ምርመራ ለዒድ ወይም ለፋሲካ ሥጋ የበላን ሰው ሁሉ ደም አለብህ ሊል ይችላል፤ አዲሱ የሰው ደም ብቻ ስለሚለይ ይሻላል። እሱም ቢሆን የደሙን ምንጭ አይነግረንም፣ በጅማ ዙሪያ ደግሞ አንጀት የሚያደሙት ሁክወርም የሚባለው የአንጀት ትልና ቢልሃርዚያ አሉ። መመሪያው ይህን እዚሁ አገር ውስጥ አስጠንቶ ይወስን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጤቱ ፖዘቲቭ ለሆነ ሰው ኮሎኖስኮፒ የሚደረግበት ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅለት፤ ያለዚያ ደም አለብህ ብሎ ወደ ሊሙ መሸኘት ጭንቀት መጨመር ነው።

አሁንም እየደማ ያለ፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ የሰገራ ልማዱ የተለወጠ ሰው ግን ዕድሜው ስንትም ይሁን እዚህ ወረፋ ውስጥ አይገባም። እሱ ታማሚ ነው፤ ወዲያው ይመርመር። ወጣት ነህ፣ ኪንታሮት ነው ተብሎ አይመለስ።

የቤተሰብ ታሪክ ጥያቄውም ይታሰብበት። በቤታችሁ የአንጀት ካንሰር አለ ወይ ብለው ቢጠይቁን አብዛኞቻችን የለም እንላለን፣ ምክንያቱም አጎቴ የሞተው ሆዱን ታሞ ነው። ሐኪም ስሙን አልነገረንም፣ ወይም ነግሮን ደብቀነዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ደም እየቀላቀለው፣ እየከሳ፣ ሆዱ ተነፍቶ የሞተ ዘመድ አላችሁ? በስንት ዓመቱ?

ለሆስፒታሎች ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። አንጀቱ ካንሰር የተገኘበት ታማሚ ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ በሽታው ሲታወቅ የነበረው ዕድሜ ይጻፍ፣ ልጆቹና ወንድም እህቶቹም ተጠርተው ይነገራቸው። ያ ዕድሜ ካልተጻፈ ልጆቹ በስንት ዓመታቸው መመርመር እንዳለባቸው ማንም ሊያሰላላቸው አይችልም።