ይድረስ ለክቡር የኬላ ገመድ

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ ሲስተም ሲመለስ ይሞላል
ጉዳዩ፦ የቁርስ ሰዓትዎን እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ባለፈው እሁድ ማለዳ ስንገናኝ መልክዎ ትንሽ ተጎሳቁሎ ነበር። ግማሽዎ ሰማያዊ ናይለን፣ ግማሽዎ ቃጫ፣ መሀልዎ ላይ የተበጠሰውን ያያያዘ የካላማዳሪ ቁራጭ። ያረጁ ፌስታሎች አንጠልጥለው፣ አንዱ ጫፍዎ ባሕር ዛፍ ላይ፣ ሌላው ጫፍዎ መሬት ላይ የተተከለ ብረት ላይ ታስሮ፣ አስፋልቱን ዘግተው ነፋስ ያወዛውዝዎታል። ያዥዎ ግን አልነበረም። ቁርስ ሄዷል።

ስፍራዎን አልጠራም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበትም የራሱ ሰፈር ገመድ አለው።

የቅዳሜና እሁዱ መንገድ ቀላል ነበር። ቅዳሜ በአዳማ አድርጎ አሰላ፣ ከዚያ ጭላሎን እያዩ በቆጂ፣ ብርዱንና የገብሱን ማሳ ጠግቦ አሰላ ተመልሶ ማደር። እሁድ ሳይነጋ ተነስቶ ወደ ዝዋይ መውረድ፣ በጀልባ ቱሉ ጉዶ። ለወዳጄ «ከደጋ እስከ ደሴት» ብዬ የሸጥኩለት ጉዞ ነው። ሳይነጋ የተባለው ለጽድቅ አይደለም። ዝዋይ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ ግን አሥር ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይነሳል፣ ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ጀልባዋን ፋታ አይሰጣትም። ነፋሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ቱሉ ጉዶ በተለመደው የሞተር ጀልባ መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ዳገቱን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ለማየትም ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግድም ወደቡ ላይ ያልተገኘ ሰው ደሴቷን በሩቁ ተሳልሞ ይመለስ።

እኛ አንድ ሰዓት ላይ እርስዎ ፊት ቆመናል። ክላክስ አደረግን። ዝም አሉ። ከኋላችን አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ሽንኩርት የጫነ ፒካፕ ተደረደረ፤ ሁሉም ክላክስ አደረገ፤ እርስዎ ፌስታልዎን አወዛወዙ። ሰዓቱ ሊጋመስ ሲል ወዳጄ ወርዶ ቋጠሮዎን ፈታ። ያን ጊዜ ነው ሦስት ሰዎች ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ የበቀሉት።

«ማን ፍታ አለህ?»

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። የፈታ ይያዝ! ያዥው ቁርሱን ጨርሶ እስኪመጣ ወዳጄ ጫፍዎን ጨብጦ፣ እነሱ ብር ሲቀበሉ ዝቅ፣ ሳይቀበሉ ከፍ እያደረገ፣ ከኋላችን የተሰለፈውን ሁሉ አሳለፈ። የእኛ መኪና ዳር ተደርጎ ተቀጥቷል። ክቡርነትዎ ላያውቁ ይችላሉ፤ የያዘዎት ሰው የመንገድ መሐንዲስ ነው። ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ስንት ዘመኑ፣ ይኸው በሙያው ተቀጠረ። አንዱ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት አሥር ብር አስጨብጦት «በርታ ወንድሜ» ብሎታል። ወዳጄ አሥሯን ብር ይዞ ለማን እንደሚያስረክብ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ከሦስቱ አንዱ ግን ግራ አልገባውም።

በመጨረሻ የእኛ ተራ ሲደርስ ሁለት መቶ ብር ተባልን። ደረሰኝ ጠየቅን፤ ለካ ነውር ኖሯል። ብዙ ተፈልጎ ጥግ ጥጉ የታጠፈ ጥራዝ መጣና ተቆርጦ ተሰጠን። አርዕስቱ «የቁም እንስሳት ገበያ ኮቴ» ይላል። ብዛት፦ 2። «ዓይነት» የሚለው ባዶውን ነው። በሬ እንሁን በግ ያዥዎ ስላልመጣ አልተወሰነም። ደግነቱ «ለእርድ» የሚል ሳጥን የለውም።

ወደቡ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ጀልባ ነጂው እኛን ሳይሆን ሐይቁን አየና «ዛሬ ቱሉ ጉዶ አይሆንም» አለ። ትክክል ነው፤ የሰው ነፍስ ይዞ የሚሄድ ሰው እንዲያ ነው ማለት ያለበት። የቆሮሶ ዓሣ ጥብሳችንን በልተን፣ አባ ኮዳ ወፎቹ ለአጥንቱ ተሰልፈው ሲጠብቁ አየን። በዚያ ቀን ካየኋቸው ሰልፎች ሥርዓት የነበረው እሱ ብቻ ነው። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችው ቱሉ ጉዶ ነው ይባላል። እነዚያ አባቶች እርስዎ ሳይቋጠሩ መጓዛቸው በጃቸው፤ አለበለዚያ ታቦቷ እስካሁን «መውጫ ማኅተም የላትም» ተብላ እዚያው ነበረች።

የቆዩ ቅሬታዎችም አሉኝ፤ ግን አላደክምዎትም። ማታ ማታ አይታዩም። የፈጣን መንገዱ ዘመድዎ ሒሳቡን በኪሎ ሜትር አስልቶ፣ ደረሰኙን ሰጥቶ፣ ክንዱን ያነሳል፤ እርስዎ ቤተሰብ ጉባኤ ላይ ምን ይሉት ይሆን?

ለአዲስ መንገደኞች ስለ አያያዝዎ ትንሽ ልናገር። ሲያነሱዎት መሀልዎ ስለሚረግብ ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ የጫነ መኪና ይጠለፋል፤ ሻንጣው ወደ ኋላ፣ ሾፌሩ ወደ ጸብ። ሲጥሉዎት ደግሞ ካላማዳሪው የተቋጠረበት ጉብ ብሎ ይቀራል፤ ቪትዝና መሰሎቿ ላይ የፊት ፓራውልቱን ከሥር ይዞ ነው የሚነቅለው። ስለዚህ አምስት ሜትር ያህል ርቆ መቆም፣ ገመዱ አስፋልቱ ላይ መተኛቱን ማየት፣ በቋጠሮው ሳይሆን በናይለኑ በኩል ቀስ ብሎ መሻገር። ስፖኪዮውን ማጠፍ አይከፋም። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን አንድ ላይ በእጅ ይሁኑ፤ ትሪያንግልና እሳት ማጥፊያው ከስኮርታው ሥር ሳይሆን ከላይ ይቀመጡ፣ አለዚያ የቅዳሜና እሁድ ስንቅዎ በሙሉ አስፋልት ላይ ይዘረገፋል። ዝርዝር ብር መያዝ ግድ ነው። ገመድ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

ከኋላችን ባጃጅ ነበር። ውስጡ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። የልጁ እጅ ላይ የግሉኮሱ መርፌ እንደተተከለ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ በጉልበቷ ላይ ሪፈር የተጻፈበት ወረቀት። ልጁ አያለቅስም። የሚያስፈራውም እሱ ነው፤ እንዲያ የታመመ ልጅ ማልቀስ ነበረበት። ሾፌሩ ወርዶ ለመነ፣ ወረቀቱን አሳየ። «ሁሉም ታማሚ ነኝ ይላል» አሉት። ከእሷም ተቀበልክ! የሆስፒታል ካርድ ማውጫዋን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ስትሰጥ አይቻለሁ። ለመኪና ይሁን፣ ለበሬ ይሁን፣ ለዚህኛው የትኛውን ደረሰኝ ልትቆርጥ ነበር? ሞተረኛ አመሻሽ ላይ አንገቱ ላይ ስታርፍ ፌስታልህ አያድነውም፤ ይህን የሚያስርህ ሰው ያውቃል፣ አውቆም ያስርሃል። ሽንኩርቱ ከማሳ ተነስቶ ከተማ እስኪገባ ስንቴ ይከፍልብሃል? ከዚያ «ነጋዴው አስወደደው» ይባላል። መንገዱን አልሠራህም። አንድ ጉድጓድ እንኳ አልደፈንክም፤ ከፊትህ ያለው ጉድጓድ ራሱ ሰው አንተን ብሎ ሲቆም የተቆፈረ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄያችን አነስተኛ ነው። አንደኛ፣ የሚያንጸባርቅ ቴፕ ይጠቅለሉ። ሁለተኛ፣ ለሰው የሚሆን ደረሰኝ ያሳትሙ። ሦስተኛ፣ የሪፈር ወረቀት የሚያነብ አንድ ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ፤ ማንበብ የሚችል ከታጣ ወዳጄ ልምድ አለው። አራተኛ፣ የቁርስ ሰዓትዎን በባሕር ዛፉ ላይ ይለጥፉ፣ ጀልባ ነጂዎች በዚያ መሠረት መነሻቸውን እንዲወስኑ።

ከሰላምታ ጋር፣
ብዛት 2

ግልባጭ፦
— ለአጋዥ ድንጋዮችዎ
— ቀለም ሳይቀቡ አስፋልት ላይ ለተጋደሙት ጉብታዎች
— በብረቱ በኩል ለታሰረው ጫፍዎ፣ በባሕር ዛፉ በኩል ያለው ካልነገረው