«እስቲ ልየው»

ሱሉልታ ሂዱ፣ ሰበታ ሂዱ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን የቆረጠች ሴት ባለችበት ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንደኛው የቡና ዱቄት ይዞ ይሮጣል። ሁለተኛው «እስቲ ልየው» ይላል። የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። ጨርቁን ይገልጣል፣ «ኧረ ገና ነው!» ይላል፣ መልሶ ይሸፍናል። ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ይገልጣል።

ገና ያደረገው ማን ሆነና! ደም መፍሰስ ሲጀምር ፕላትሌት የሚባሉት ደቃቆች ቀዳዳው ላይ ይከመራሉ። ደሙ ውስጥ ሟሙቶ የሚዞረው ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ትሮምቢን በሚባል ኢንዛይም ተቆርጦ ፋይብሪን የሚባል ክር ይሆንና ቀይ ሕዋሳቱን ተብትቦ ይይዛል። ያለ ካልሲየም ይህ አይሆንም፤ ላቦራቶሪ ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ የሚቀዳው ደም የማይረጋውም ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ካልሲየሙን ስለሚይዝበት ነው። እንግዲህ ጨርቁ በተገለጠ ቁጥር ያ ክር አብሮ ይነቀላል።

ባለቡናውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ቡናው ደሙን ቢመጥ ነው፤ ከዚያ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ቁስሉን ይሸፍናል። ጤና ጣቢያ ሲደረስ ነርሷ ከመስፋቷ በፊት ያንን ስትጠርግና ስታጥብ የተቆረጠው ያማል። እሱ ግን በር ላይ ቆሞ «እኔ ባልደርስ ኖሮ!» እያለ ያወራል።

ያቺው የማታርፍ እጅ አይብ ላይም አለች። ቅቤው የወጣለት አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ይጣዳል፤ 50 ዲግሪ ግድም ይበቃዋል። ኮምጣጣነቱ ፕሮቲኑን ቀድሞ አዘጋጅቶታል፣ ሙቀቱ ይሰበስበዋል። ነጩ ተያይዞ አረንጓዴ ቢጫ የሚለው አጓት ዳር ዳሩን ሲለይ አውርዶ፣ አብርዶ፣ በጨርቅ ማጥለል ነው። ማማሰል የለም! ያማሰለ ሰው አይቡን አድቅቆ ከአጓቱ ጋር ይደፋዋል፤ እሳት ያበዛ ደግሞ ጎማ ያኝካል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። ሰው ስለ ትዕግሥት ይጠቅሰዋል፤ ለእኔ ስለ መርጋት ነው። ዝልግልግ የነበረው ነገር 37 ዲግሪ ተኩል ግድም በሆነ ሙቀት 21 ቀን ታቅፎ አጥንትና ጥፍር ያወጣል። ዶሮዋ ታገላብጠዋለች እንጂ «እስቲ ልየው» ብላ አትሰብረውም። የቸኮለ ይቀቅለው፤ ነጩ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ይረጋል። ሱሉልታ ላይ ግን ውሃው 91 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሚፈላ ከድሬዳዋው ትንሽ ይዘገያል። እዚያም ላይ ክዳን የሚከፍት አይጠፋም!

ካነሳሁት አይቀር ሲሚንቶ። በከተማው ዳር የሚበቅለውን ቤት ሁሉ ሳይ ደሜ ይፈላል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ ሲደርቅ ሳይሆን ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው፤ ውሃ ውስጥም ይጠነክራል። ከተቦካ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው መያዝ ሊጀምር ይችላል። ግንበኛው ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይመጣና «ውሃ ጨምርበት!» ብሎ በአካፋ ያምሰዋል። መያያዝ የጀመረው ተሰበረ፣ የተጨመረው ውሃም አሳሳው። ባለቤቱ በበኩሉ «ይድረቅ» ብሎ ፀሐይ ላይ ይተወዋል። አርማታ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፣ ጥንካሬው የሚፈተነውም በ28ኛው ቀን ነው። ሲሰነጠቅስ? ወቀሳው ለፋብሪካው!

ሴትዮዋን ረሳናት። በንጹህ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ፣ እጇን ከፍ አድርጎ፣ 10 ደቂቃ ሳይገልጡ መጫን ነው። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላይ ይደረባል፣ የታችኛው አይነሳም። የሚረጭ ከሆነ ወይም አልቆም ካለ እየተጫኑ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘውን ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ ደሙ ለመርጋት ይዘገያል፣ ይህንንም ለነርሷ መንገር ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ጉበት በቫይታሚን ኬ የሚሠራቸውን ደም አርጊ ፕሮቲኖች ይቀንሳል፤ ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ሞልቶታል። ጎረቤት «ጎመን እንዳትቀምሺ» ይላታል፤ ሐኪም የሚላት ግን መጠኑን አታለዋውጪ ነው። ሁዳዴን ሙሉ በየቀኑ በልቶ ከፋሲካ በኋላ ጭራሽ መተው ነው መድኃኒቱን የሚያዛባው።