ለሌባ የሚራራው መንገደኛ

ሌባን የማይረግም የለም። ድካሙን የሚያስብለት ግን ማን አለ? እግሩ እስኪዝል ቆሞ ይውላል። ገንዘብ የያዘው ማን ነው? በየትኛው ኪሱ? የማን ቤት ባዶ ነው፣ ለስንት ቀን? ይህን ሁሉ በግምት መድረስ አለበት። የዓመት ፈቃድ የለው፣ ጡረታ የለው። ደግነቱ የሚያዝንለት ወገን አላጣም። እሱም መንገደኛው ነው። ዛሬ ይህን ቸር ሰው አመስግኑልኝ።

ቸርነቱ የሚጀምረው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ሻንጣው ሳይዘጋ ፎቶው ይለጠፋል። እናት፣ አባት፣ ልጆች በሩ ላይ ተደርድረዋል። የቤት ቁጥሩም ከጀርባቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ቻው ቻው! ለሁለት ሳምንት የለንም፣ ሁላችንም!» ሌባው «አንዱ ቤት ቀርቶ ይሆን?» ብሎ እንዳይጨነቅ እኮ ነው «ሁላችንም» ያሉት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እዚህ ግን ያሳወቀው ራሱ ባለቤቱ ስለሆነ ማንንም በቡዳነት መጠርጠር አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ኔዘርላንዳውያን ወጣቶች «እባካችሁ ዝረፉኝ» የሚል ድረ ገጽ ከፍተው ነበር። ሰዎች በገዛ እጃቸው «እዚህ ነኝ» እያሉ ያወጡትን ለቃቅሞ የማን ቤት ባዶ እንደሆነ ያሳይ ነበር። ሰው እንዲጠነቀቅ ብለን ነው አሉ። ምቀኞች!

አየር ማረፊያ ሲደርስ የመንገደኛው እጅ ይበልጥ ይፈታል። ቦርዲንግ ፓሱን ፓስፖርቱ ላይ ደገፍ ያደርጋል። የአውሮፕላኑ ክንፍ በመስታወቱ እንዲታይ ያስተካክላል። ጠቅ! ጠንቃቃ ስለሆነ የወንበር ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ሸፍኗል። የወንበር ቁጥሩን! ስሙና ያቺ ስድስት ሆሄ ያላት የቦታ ማስያዣ ኮድ ግን ፍንትው ብለው ይታያሉ። ባርኮዱም አለ። እሱ ዥንጉርጉር መስመር ስለሚመስል ማን ያነበዋል? ስልክ ያነበዋላ። በብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጽ ላይ ያቺ ኮድና የቤተሰብ ስም ካሉ የጉዞው ዝርዝር ይከፈታል። የሚከፍተው ሰው ቀልደኛ ከሆነ ደግሞ መመለሻውን ሊነካካው ይችላል።

ይህ የተራ ሰው ቸርነት ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት የቦርዲንግ ፓሳቸውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ አወጡ። አንድ የኮምፒውተር ነገር የገባው ሰው ከዚያች ፎቶ ተነስቶ የፓስፖርት ቁጥራቸውንና ስልካቸውን አገኘ። ሰውየው ጨዋ ሆኖ ለሚመለከተው አካል አሳወቀ እንጂ፣ ስጦታው ተዘርግቶለት ነበር።

ከዚያ ከተማ ይገባል። ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ «ከኪስ አውላቂ ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔ ከዚህ የበለጠ ለሌባ የሚጠቅም ጽሑፍ አላውቅም። ማስታወቂያው ፊት ለፊት ቆማችሁ ሰዉን ተመልከቱት። አንዱ ይመጣል። ቀና ብሎ ያነባል። ቀኝ እጁ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ወደ ኋላ ይሄድና የኋላ ኪሱን ቸብ ቸብ ያደርጋል። አለች! ፊቱ ይፈታል። ከኋላው የምትመጣው ሴት ታነባለች። እጇ የቦርሳዋን ዚፕ ዳበስ አድርጎ ይመለሳል። ቀጣዩ የደረት ኪሱን ይጫናል። ምሰሶውን ተደግፎ ስልኩን የሚያይ የሚመስለው ልጅ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ የሁሉንም አድራሻ ይዟል።

የመንገደኛችን ኪስ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ ካላችሁ፣ ሁሉም ነገር አለ። ጥሬ ገንዘቡ በሙሉ፣ ሁለቱም የባንክ ካርዶች፣ ፓስፖርቱ፣ የሆቴሉ ቁልፍ። የካርዱ የሚስጥር ቁጥርም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከካርዱ ጋር ተጣጥፏል። ሌባው ሁለት ቦታ ከሚዳክር በአንድ እጅ መዥረጥ አድርጎ ይገላገል ተብሎ ነው።

የመተማመን ነገር ከተነሳ ግን የመጠበቂያ አዳራሹን የሚያህል የለም። መንገደኛው መጸዳጃ ቤት መሄድ አማረው። ዙሪያውን ቢያይ ሁሉም የማያውቀው ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ ሻንጣዬን ይዞብኝ ቢሄድስ ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ከእነሱው መሃል አንዱን መርጦ «ወንድሜ፣ አንዴ ዕቃዬን እያት፣ መጣሁ» ይላል። ለአደራው ቃል የሚገባው ሰው ስሙ እንኳን አይጠየቅም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንድ ትሁት ሰው ጠጋ ብሎ «ኪሎ ሞልቶብኝ ነው፣ ይህቺን ያዝልኝ፣ ስትደርስ የሚቀበልህ አለ» ይለዋል። «ምን አለበት፣ ትንሽ እኮ ናት!» ብሎ ይወስዳል። ምን እንዳለባት አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነውር ነዋ። ፍተሻ ላይ ጠያቂው ሌላ ሰው ነው። ያኔ ሻንጣው የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ጥቅሏ የማን እንደነበረች ለማስረዳት ግን ይከብዳል።

ስለ ሻንጣ ቁልፉ ብዙ አላወራም። የአሜሪካ አየር ማረፊያ ፈታሾች የሚከፍቱት፣ ሁሉም የሚኮራበት ቁልፍ አለ አይደል? እ.ኤ.አ. በ2014 ሁሉንም የሚከፍቱት የማስተር ቁልፎቹ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ2015 ከዚያው ፎቶ ተነስተው በ3ዲ ማተሚያ ቁልፉን የሠሩት ሰዎች ነበሩ። ዚፑ ራሱ እኮ በእስክሪብቶ ጫፍ ይሰነጠቃል። መንገደኛችን ታዲያ ወርቁንና ላፕቶፑን ለጭነት በሚያስረክበው ሻንጣ ውስጥ ከትቶ፣ የአንገት ትራሱን በእጁ ይዞ ይገባል። ትራሱ እስካሁን ጠፍቶ አያውቅም።

ዕቃው ጎድሎ ቢያገኘውስ? እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያስቀናል። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል የአየር ጉዞ ስምምነት ለተበላሸ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክት ይላል። መንገደኛው ለጓደኞቹ፣ ለጎረቤቱ፣ ለታክሲ ሾፌሩ ያመለክታል። ለአየር መንገዱ የሚጽፈው ንዴቱ ሲበርድለት ነው። ያኔ ቀኑም አብሮ አልፏል።

አንዳንድ ንፉጎች ግን ይህን ሁሉ መልካም ሥራ እያበላሹ ነው። የፓስፖርታቸውን ቅጂ ለብቻ ይይዛሉ። ገንዘቡን ሦስት ቦታ ይከፋፍላሉ፣ አንዱን ካርድ ሆቴል ይተዋሉ። ፎቶውን ቤታቸው ገብተው በሩን ከቆለፉ በኋላ ነው የሚለጥፉት። ኪስ አውላቂ ይላሉ ደግሞ ሌላውን! የሰው ሥራ ዘግተው እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስዳቸው እንጃ።