ዳታ ስለው «ካርድ ሙላ» አለኝ

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ምሳ አልበላሁም። እጄ ግሪስ እንደሆነ ነው የምጽፈው። መኪናዬን ይዤ ወጥቻለሁ፤ ግን የወጣው መኪና ጠዋት ያስገባሁት መኪና አይደለም።

ሦስት ሳምንት ነው ለዚህ የቱኒንግ ቀጠሮ (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ቀይሮ ጉልበት ለማስጨመር) የለፋሁት። አምስት ሆናችሁ ከመጣችሁ ቅናሽ አለ ተባልን። የኔ ፎሬስተር፣ ሁለት ኢምፕሬዛ፣ አንድ ጎልፍ፣ አንድ አውዲ። ለማሰባሰብ ስንት ስልክ እንደደወልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ቀብዱን ከየሰው ለቅሜ የላክሁት እኔ ነኝ። «ዱባይ ተምሮ የመጣ ልጅ ነው፣ ቱርቦ መኪና ከሱ ወዲያ ላሳር» ተባለ። እኔም አመንኩ። (ቱርቦ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው።)

ጠዋት ረዳቱ ካንዴላ ቀየረልኝ። ለሱባሩ ካንዴላ መቀየር ቀላል ስላልሆነ እጁ እየተላጠ ነው የሠራው፤ ለሱ ምስጋና አለኝ። ከዚያ «ባለሙያው» መጣ። ላፕቶፑን ሰካ። አንድ ነገር ተጫነ። ሻይ አዘዘ። ሻዩን ሳይጨርስ «አለቀ፣ ስቴጅ ዋን ገብቶልሃል» አለኝ። ስቴጅ ዋን ማለት የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የመጀመሪያ ደረጃ ጉልበት መጨመሪያ ፋይል ነው።

አልነዳውም። ኮፈኑ ስር አላየም። መኪናው ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ እንኳን አልጠየቀኝም።

«ሎግ ሳታደርግ?» አልኩት።

«የምን ሎግ?»

«ዳታ። መኪናው እየተነዳ ሞተሩ ምን እንደሚያደርግ። የቱርቦው ግፊት፣ የአየርና የቤንዚኑ ምጥን፣ ኮምፒውተሩ እሳቱን ስንት ዲግሪ እንዳዘገየ። ዳታውን አሳየኝ።»

ዞሮ ጓደኞቹን አየ። «ዳታ? ካርድ ሙላ በሉት ብሮን!»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ጎማ የሚፈታው ልጅ ሳቀ። ተራ የሚጠብቁ አንድ ጋሼ ሳይቀሩ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ሳቁብኝ። ባለ ጎልፉ፣ አንተም ፈገግ ብለሃል፤ አይቼሃለሁ።

ዝም አላልኩም። «ይሄ ፋይል የየት አገር መኪና ነው?»

«የሱባሩ ነዋ።»

«እኮ የየት አገር? ለየት አገር ቤንዚን? ለየት አገር ከፍታ?»

«ሱባሩ ሱባሩ ነው፣ ወንድሜ።»

አይደለም! ሱባሩ ሱባሩ አይደለም! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ዱባይ ላይ ያለ ቱርቦ አየሩን 2 እጥፍ አምቆ የሚያገኘውን ግፊት የኔው ቱርቦ እዚህ እንዲያመጣ ካዘዝከው 2.6 እጥፍ ገደማ ማመቅ አለበት። ይህን ለማድረግ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል። አየሩ ይግላል። ቤንዚኑ ካንዴላው ሳያዘው በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ያንኳኳል። የኔ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ደግሞ የፒስተን ቀለበት የሚቀመጥበት ጠርዝ በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። እንጦጦ ስትወጣ ሌላ አየር ነው፤ አዳማ ስትወርድ ሌላ አየር ነው። ለዚህ ነው የሚለካው። ቱኒንግ ማለት መለካት ነው። ሳይለካ የተጫነ ፋይል የሰው መነፅር አድርጎ መንዳት ነው።

ቤንዚኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሳምንት ማደያ ሰልፍ ጠብቄ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ ኦክቴኑ፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለው አቅም፣ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። ልጅቷ «ስንት ብር ልቅዳልህ?» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ማንም አልነገራትም። ግን እኔ ላይ የተጫነው ፋይል ለምን ዓይነት ቤንዚን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው እዚያ ጋራዥ ውስጥ አልነበረም። ያወቀ ካለ ለምን አልመለሰልኝም?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ አይደለም። «ኦሪጅናሉን አስቀምጠኸዋል አይደል?» ስለው ያለኝ ነው።

«ኦሪጅናል ምን ይሠራልሃል? ይሄ ይበልጣል።»

አላስቀመጠውም! ከፋብሪካ የመጣውን ፋይል ላዩ ላይ ጽፎበታል። አንድ ጊዜ ማንበብና ማስቀመጥ ነበር፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። ሻዩን የጠጣበት ጊዜ ይበቃ ነበር።

ከጋራዡ ስወጣ መኪናው ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረ። ቤንዚን ስረግጥ ይንተፋተፋል። ተመለስኩ። ልጁ ከወንበሩ ሳይነሳ ፍርዱን ሰጠ። «ቱርቦው አልቋል። እናውልቀውና እንዝጋልህ፤ እንደ ኖርማል መኪና ትነዳዋለህ።»

ቱርቦ መኪና ሊያስተካክል ቀብድ የተቀበለ ሰው ነው ቱርቦውን አውልቄ ልጣል የሚለኝ። ይሄኔ ነው ጋሼ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው የተነሱት። «ልጄ፣ ቪትዝ ብትገዛ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣብህ።»

ቪትዝ! በቪትዝ ስንት ዓመት ልሰደብ? እናቴ ቪትዝ ትላለች። አጎቴ ቪትዝ ይላል። ሶማሌ ተራ የኢንተርኩለር (ቱርቦው ያመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) ጎማ ፍለጋ ስዞር ውዬ የመጨረሻው ሱቅ «የቪትዝ አለ» አለኝ። ቪትዝ ኢንተርኩለር የለውም! ለቪትዝ ክፉ ቃል የለኝም፤ ጥሩ መኪና ነው። እኔ ግን ይሄን መኪና ወድጄ ነው የገዛሁት። ስንት ዓመት አጠራቅሜ፣ ቀረጡን ከፍዬ። ጠዋት ቆሞ ሲያጉረመርም ስሰማው ደስ ይለኛል። ይሄ ወንጀል ነው?

አሁን ደግሞ «ኤሌክትሪክ ግዛና ተገላገል» የሚለው መጥቷል። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ይሄ ሞተር ዛሬ ቢፈነዳብኝ ሌላ ፎሬስተር ከየት አመጣለሁ? ይህን እያወቁ ነው በሻይ ሰዓት የሚጫወቱበት።

እሺ፣ ጭሱ ምን ነበር መሰላችሁ? ወደ ቤት ስመለስ ከባለ ኢምፕሬዛዎቹ አንዱ ሰፈሩ ካለው ጎሚስታ ጋ አስቆመኝ። ከውሃ ቧንቧ ክዳንና ከጎማ ቫልቭ የሠራት አንድ ነገር አለችው። ቱርቦው አየር የሚስብበት አፍ ላይ ገጠማት። ጎሚስታው በኮምፕረሰሩ ቀስ እያለ ንፋስ ሞላ። እኛ የሳሙና ውሃ ቀባን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ኢንተርኩለሩ ጋ የሚገባው ጎማ አረፋውን ቡልቅ ቡልቅ አደረገው። ማሰሪያው ላልቶ ነበር። ካንዴላ ሲቀየር ተነክቶ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ለክቶ ቤንዚን የመደበለት አየር በዚያ እየሾለከ ስለሚወጣ ነው ያ ሁሉ ጥቁር ጭስ። ማሰሪያውን አጠበቅነው። ጭሱ ጠፋ። ቱርቦው ምንም አልሆነም። ጎሚስታው ገንዘብ ስሰጠው «ለንፋስ ነው እንዴ?» ብሎ እምቢ አለ። ግድ ብዬ ሰጠሁት። በዛሬው ቀን ሰው ያደረገኝ እሱ ብቻ ነው።

ለ«ባለሙያው» ደወልኩ። «ቱርቦው ደህና ነው፣ ማሰሪያ ነው የላላው» አልኩት።

«በቃ ተስተካከለልሃላ! ቀሪውን 15,000 በቴሌብር ላክልኝ።»

ይቅርታ የለ። «ይሄን እኔ ማየት ነበረብኝ» የለ። 15,000!

እናንተ የመኪና ጓደኞቼም ላይ ቅር ብሎኛል፤ አልደብቅም። ከርቀት ቱን የሚያደርገውን ናይሮቢ ያለውን ልጅ ያኔ ስነግራችሁ «እዚሁ ሰው እያለ ምን ኬንያ ድረስ ያስኬዳል» አላችሁ። ማን ሂዱ አለ? መኪናውን ከላፕቶፕ የሚያገናኘው ገመድ አለኝ፤ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣልኝ ነው። የናይሮቢው ልጅ ገና ሰላም ስለው የጠየቀኝ ምን መሰላችሁ? ከፍታችሁ ስንት ነው? ቤንዚናችሁ ምንድን ነው? በሦስተኛ ማርሽ ከ2,500 ዙር ጀምረህ እስከ መጨረሻው ረግጠህ ሦስት ሎግ ላክ። ንፋስ የሚያሾልክ ቦታ መኖሩን መጀመሪያ ፈትሽ። አያችሁ? መጀመሪያ ፈትሽ! ያ ሰው መኪናዬን በዓይኑ አላየውም። ግን ከአጠገቤ ሻይ ከሚጠጣው ይልቅ ቀርቦኛል።

«ሎግ የት ነው የምናደርገው፣ መንገዱ ሁሉ ዝግ ነው» ያላችሁኝም ትዝ ይለኛል። እውነት ነው፣ ቀለበት መንገድ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ እስከ መጨረሻ መርገጥ አይታሰብም፤ ሰው አለ፣ አህያ አለ፣ ሚኒባስ አለ። አውቃለሁ። እሱንም እናስብበታለን። እስከዚያ ድረስ ቱርቦው ግፊት እስኪያደርግ አልረግጠውም። እንደ ቪትዝ ነው የምነዳው፤ ጋሼ ደስ ይበላቸው።

ናይሮቢ ያለውን ልጅ አሁን አናገርኩት። ሳቅ የለ፣ ስድብ የለ። «የወጡትን አሮጌ ካንዴላዎች ፎቶ ላክልኝ» አለኝ። ጫፋቸው ከነጣ ሞተሩ ሲግል ከርሟል፤ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበት ከርሟል። ከነሱ ብዙ ይነበባል። እኔ ደግሞ አልያዝኳቸውም። ረዳቱ የሥራ ጠረጴዛው ስር ያለች የዘይት ጣሳ ውስጥ ሲጥላቸው አይቻለሁ።

ቀሪውን ብር አልልክም። ቀብዱን ይብሉት። አራቱ ካንዴላ ግን የኔ ነው። ነገ ጋራዡ ሲከፈት በሩ ላይ ነኝ።