በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ

«አንተ አራት ኪሎ ተቀምጠህ የእንግሊዝ ክለብ ባለቤት ምን አገባህ?»

ይሄን ከሚስቴም፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም፣ ከአርሴ ደጋፊው ጎረቤቴም ስንቴ ሰማሁት። ዛሬ በደንብ ልመልስ።

ያገባኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማንቼ፣ የማንችስተር ዩናይትድ፣ ደጋፊ ነኝ። የጀመርኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በነበረች አንዲት ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። መግቢያ ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እናያለን። አግዳሚው ከሞላ ግድግዳ ተደግፈን። መብራት ሲጠፋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለን «መጣ? መጣ?» እንባባላለን። ሰፈሩ ሲፈርስ ያቺ ቤትም አብራ ፈረሰች። ልጆቹ የትና የት ተበተኑ። አሁን የምንገናኘው አራት ኪሎ፣ ማንቼ ሲጫወት ብቻ ነው። ከዚያ ሰፈር የተረፈን ይሄ ክለብ ነው። ስለዚህ አያገባህም አትበሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው ባለሀብት ማልኮም ግሌዘር ክለቡን ጠቀለለው። ዋጋው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። አብዛኛው ብድር ነው። ሰው ተበድሮ ንግድ ቢገዛ ችግር የለብኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ የዕዳው ትልቅ ክፍል ዞሮ የተጫነው በራሱ በክለቡ ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ዕዳ ያልነበረበት ክለብ ራሱ ለተገዛበት ብድር ወለድ ከፋይ ሆነ።

በእኛ ላስረዳ። የሰፈራችሁን ዕድር አስቡት። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በአባላት መዋጮ የተገዛ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መጥቶ «ዕድሩን ገዝቼዋለሁ» ይላል። በምን ገዛኸው? በብድር። ምን አስይዘህ? ድንኳኑንና ድስቱን። ብድሩን ማን ይከፍላል? እናንተ፣ በየወሩ በምታዋጡት። በዚያ ላይ ሰውየው «የትርፍ ድርሻዬ» እያለ ከካዝናው ያነሳል። ድንኳኑ ሲቀደድ ግን የሚጠግነው የለም። ለቀስተኛው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ይሄን የሚቀበል ዕድርተኛ አለ? የእኛ ሰፈር ገንዘብ ያዥ ጥቂት መቶ ብር ጎደለበት ተብሎ እሁድ ከጠዋት እስከ ቀትር ስብሰባ ተቀምጠናል!

ዝናቡን ደግሞ ለምሳሌ ብቻ አይደለም ያነሳሁት። በሜይ 2024 በአርሴናል 1 ለ 0 የተሸነፍን ቀን የስታዲየማችን የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ እንደ ፏፏቴ ሲያፈስ ዓለም አይቶታል። ጎረቤቴ ቪዲዮውን ልኮልኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ። ባለፉት ዓመታት ለወለድ፣ ለብድር ወጪና ለትርፍ ድርሻ ከክለቡ የወጣው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚበልጥ ተደጋግሞ ተዘግቧል። ከዚያ ላይ ለቆርቆሮ የሚሆን ጠፋ?

ደጋፊው ዝም አላለም። በ2010 ቀዩን ትቶ ክለቡ ኒውተን ሂዝ ይባል በነበረበት ዘመን የነበረውን አረንጓዴና ቢጫ ስካርፍ አንገቱ ላይ አሰረ። በኤፕሪል 2021 ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች፣ የእኛም ጭምር፣ ከሌሎች የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ጋር ሆነው ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ውድድር ሲያመጡ ደግሞ እኛ ጋ የማልረሳው ነገር ሆነ። አርሴውም፣ ቼልሲውም፣ ሊቨርፑሉም፣ እኛም አንድ ጠረጴዛ ከበን ባለቤቶቻችንን ስናማ አመሸን። እርስ በርስ ሳንሰዳደብ ያመሸነው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ሱፐር ሊጉ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። በሜይ 2 ደጋፊው ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ውስጥ ገብቶ የሊቨርፑል ጨዋታ ለሌላ ቀን ተላለፈ። የግሌዘር ቤተሰብ ግን ንቅንቅ አላለም። አባትየው በ2014 ከሞተ በኋላም ልጆቹ ይዘውታል። የእነሱ አንድ አክሲዮን አሥር ድምፅ አለው። በገበያ ላይ ተራው ሰው የሚገዛው አንድ ድምፅ ብቻ። ታዲያ በምን ታሸንፋቸዋለህ?

በ2024 እንግሊዛዊው ቢሊየነር ሰር ጂም ራትክሊፍ ከሩብ በላይ ድርሻ ገዝቶ የእግር ኳሱን ሥራ ሲረከብ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የማንችስተር አካባቢ ልጅ ነው፣ ደጋፊም ነው ተባለ። የተከተለውን አያችሁ። 250 ገደማ ሠራተኛ ተቀነሰ። በዓመቱ ደግሞ ሌላ እስከ 200 ሰው ይቀነሳል ተባለ። በ2024/25 የውድድር ዓመት መሃል ለቀሩት የሊግ ጨዋታዎች የአባላት ትኬት 66 ፓውንድ ሆነ፣ ለልጅም ለጡረተኛም ቅናሽ አልነበረም። በእኛ ብር ከ10 ሺህ በላይ ነው። ዕዳውን ያመጣው ሌላ፣ የሚከፍለው ምግብ ቤት የምትሠራዋ ሴትና ልጁን ይዞ የሚመጣው አባት!

«ለሀገርህ ኳስ ለምን አትጮህም?» የሚለኝም አለ። እጮሃለሁ እንጂ። አባቴ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ነው ያደግኩት። ስታዲየሙ ለእድሳት ለዓመታት ተዘግቶ፣ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» የሚለውን ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት አይቻለሁ። የኛም አብዛኛው ክለብ የሚያድረው በአንድ መሥሪያ ቤት በጀት ነው። በጀቱን የሚወስነው ሌላ፣ በዝናብ ቆሞ የሚዘምረው ሌላ። ሕመሙ አንድ ነው። ጀርመኖች እኮ ጥቂት ክለቦች ሲቀሩ ከግማሽ በላይ ድምፁ የአባላት እንዲሆን ደንብ አላቸው። አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም።

በሜይ 2025 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቢልባኦ ላይ ነበር። እኛ ጋ ማታ 4 ሰዓት። በሊጉ 15ኛ ሆነን የጨረስንበት ዓመት ነው፣ ያለችን ተስፋ ያቺ ብቻ ነበረች። የወንድሜን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዤው ሄድኩ። የኔን አሮጌ ማሊያ ለብሷል፣ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል፣ ደረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ተልጦ ግማሹ የለም። በ42ኛው ደቂቃ ቶተንሃም አገባ። በዚያው አለቀ። ልጁ አላለቀሰም። ታክሲ ስንጠብቅ ግን «አጎቴ፣ ባለቤቱ ለምን አይሸጥላቸውም?» አለኝ።

ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እጁን ይዤ ዝም አልኩ።

አሁን ልደቱ እየደረሰ ነው። በልኩ የሆነ አዲስ ማሊያ ግዛልኝ ብሎኛል። ብሩ ኪሴ ውስጥ ካለ ሁለት ሳምንት ሆነው። እስካሁን አልገዛሁለትም።