ከወንበር ቆጣሪው ለቫልቭ ቆጣሪዎች

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ከከዚራ ዛፎች ጥላ ብዙም አይርቅም። እዚያ ቁጭ ብዬ 17 ዓመት ሪፖርት ጽፌያለሁ። የሩብ ዓመቱን፣ የመንፈቁን፣ የዓመቱን፣ አንዳንዴም "በአስቸኳይ ይፈለጋል" ተብሎ ማንም የማያነበውን።

ሙያዬ እንዳይናቅ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ጊዜ የሦስት ቀን ሥልጠና አዘጋጀን። አዳራሹ 200 ወንበር አለው። መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። የመጣው ሰው 11 ነው። ከ11ዱ ሁለቱ ሻይ ሊያቀርቡ የመጡ ናቸው።

ታዲያ ስንት ብዬ ጻፍኩ? ሰው የሚቆጥር ጀማሪ ነው። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ የበርጫ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ይሰወራል። ወንበር ግን የትም አይሄድም። 200 ወንበር በሦስት ቀን፣ 600 ተጠቃሚ። ከዕቅዱ 98 በመቶው ተሳካ። 100 አንልም። 100 ያስጠረጥራል። 98 የትሁት ሰው ቁጥር ነው።

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በቀደም የዓለም የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች ሚቴናቸውን እንዴት እንደሚያስመዘግቡ አነበብኩ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ።

መጀመሪያ ራሱን ሚቴንን እናመስግን። የተፈጥሮ ጋዝ የምንለው በአብዛኛው እሱ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ሪፖርት ጸሐፊ ተሰጥቶት ቢፈጥር እንኳ እንዲህ አያሳምረውም። ከጉድጓዱ፣ ከቱቦው፣ ከመጭመቂያው ሹልክ ይላል። አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው። በ20 ዓመት ሲሰላ ግን አንድ ቶኑ ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ዓለም ከሞቀችው 30 በመቶ ገደማው የሱ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ እየሠራ ስሙ መዝገብ ላይ በቅጡ የለም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?

ዘዴው ደግሞ ከሱ ይበልጣል። የዋህ ሰው "መለኪያ ይዘው ሄደው ይለካሉ" ብሎ ያስባል። አይ! ጨዋ ሰው የራሱን ቤት አይበረብርም። ጣቢያው ውስጥ ስንት ቫልቭ አለ? ስንት መጭመቂያ? ስንት ታንከር? ይቆጠራል። ከዚያ "አንድ ቫልቭ በአማካይ በዓመት ይህን ያህል ያፈሳል" በሚል ቁጥር ይባዛል። አለቀ። አሜሪካኖቹ ለብዙ ዓመት ሲያባዙባቸው ከኖሩት ቁጥሮች ብዙዎቹ እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ከታተመ ጥናት የመጡ ናቸው (ዓ.ም. ካላልኩ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም የፈረንጆቹ ናቸው)። ያ ጥናት ሲወጣ እኔ ገና ሱሪዬን መታጠቅ እየተማርኩ ነበር።

ወንበር እኮ ነው የሚቆጥሩት! እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ።

የዚህ ዘዴ ውበቱ ሰላሙ ነው። ቫልቩ ቢሰነጠቅ ቁጥሩ ፍንክች አይልም። ሌሊት ጥበቃው ተኝቶ የታንከሩ ክዳን ተከፍቶ ቢያድር ቁጥሩም አብሮ ተኝቶ ያድራል። የሚጨምረው አዲስ ቫልቭ ሲገዛ ብቻ ነው። ደግሞ አንዱ ትጉህ መሐንዲስ ተነሥቶ የሚያፈሰውን ቢጠግን፣ ወረቀቱ ላይ ምንም አይቀንስለትም። ታዲያ ማን ሞኝ ይጠግናል?

ምቀኛ አይጠፋምና በ2018 ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። እንደነሱ አባባል የአሜሪካ ነዳጅና ጋዝ ዘርፍ በ2015 የለቀቀው ሚቴን 13 ሚሊዮን ቶን ነው። ይህ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከገመተው በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲም በ2022 ተከተለ። በዓለም ላይ ከኢነርጂ ዘርፍ የሚወጣው ሚቴን መንግሥታት ካስመዘገቡት በ70 በመቶ ገደማ ይበልጣል አለ።

እኔ 11ን 600 አደረግኩ ብዬ ስኮራ ኖሬ ነበር። አፈርኩ። ማብዛትማ ማንም ያውቃል። ያን የሚያህል ነገር ማሳነስ ነው ሊቅነት።

ምስጢሩ ያለው "በአማካይ" የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። የጋዝ ማፍሰስ እኩል አይከፋፈልም። የአሜሪካ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከሚያፈሱት መካከል 5 በመቶ የሚሆኑት ትልልቆቹ ብቻ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ይለቃሉ። አማካዩ እነሱን አያውቃቸውም። የድሬ ባጃጅም በአማካይ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቀፊራ ጋ የገጨኝ ግን አማካዩን የሰማ አይመስልም ነበር።

ስለ 98 በመቶ ደግሞ ጉድ ልንገራችሁ። ከጉድጓድ የሚወጣ፣ የሚሸጡበት መንገድ ያላገኙለት ጋዝ በረጅም ቱቦ ጫፍ ላይ ይቃጠላል። ችቦ በሉት። ሲቃጠል ሚቴኑ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ እሱ ይሻላል። ታዲያ ከሚቴኑ ስንት በመቶው ይወድማል ተብሎ ሲሰላ ኖረ? 98 በመቶ! ወላሂ፣ አልጨመርኩም። ወረዳችን ድረስ መጥተው የተማሩት ነው የሚመስለው። በ2022 ተመራማሪዎች በአውሮፕላን ሦስት የአሜሪካ የነዳጅ አካባቢዎች ላይ ዞረው ሲለኩ 91 በመቶ ገደማ አገኙ። አንዳንዱ ችቦ ጭራሽ ጠፍቶ ጋዙን እንዳለ ይለቃል። "የሰባት በመቶ ልዩነት ምን አላት" ትሉ ይሆናል። የሚያመልጠው ከ2 ወደ 9 ሄደ ማለት እኮ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ስሌት የሚሠራ ሰው በርጫ ላይ አይጋበዝም።

የካዛክስታኑ ነገር ደግሞ ለእኛ ሙያ እንደ ምረቃ ነው። በሰኔ 2023 እዚያ አንድ ጉድጓድ ፈነዳ። እሳቱ ከ200 ቀን በላይ ነደደ። ሳይንቲስቶች በሳተላይት አይተው 127 ሺህ ቶን ያህል ሚቴን ወጥቷል አሉ። ባለቤቱ ኩባንያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ያን ያህል ሚቴን አልወጣም፣ ከጠፈር የታየው የውሃ እንፋሎት ነው አለ። እንፋሎት! ስድስት ወር ሙሉ ሻይ ተጥዶ ነበር ማለት ነው። እኔ 17 ዓመት ጽፌ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር አልወጣልኝም።

ሳተላይት ካልኩ አይቀር፣ ይህ የነውር ዕቃ ነው። ድሬ ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሰው ግቢ የሚያይ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እነዚህ ደግሞ ጠፈር ላይ ወጥተው ያያሉ። ሚቴንሳት የሚባል አንዱ በመጋቢት 2024 ተላከ። በሰኔ 2025 ግንኙነቱ ተቋረጠና ጠፋ። እኛ ሪፖርት ጸሐፊዎች ያን ቀን ቡና አፈላን። ደስታው ግን አልቆየም፤ ሌሎቹ አሁንም እዚያው ላይ ናቸው።

ዋና ቢሮው ናይሮቢ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በነዚህ ሳተላይቶች ያየውን ለመንግሥታትና ለኩባንያዎች በደብዳቤ ያሳውቃል። "እዚህ ቦታ ላይ ጋዝ እያፈሰሳችሁ ነው" ይላል፤ ቦታው ከነምስሉ። በ2024 ባወጣው ዘገባ ከ1,200 በላይ ማሳወቂያ ልኮ ነበር። መልስ ያገኘው 1 በመቶው ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። በዓመቱ ግን መልሱ ወደ 12 በመቶ አደገ። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ዛሬ ደብዳቤ የመለሰ ሰው ነገ ቫልቭ ሊያጠብቅ ይችላል።

ጥፋተኛ ካስፈለገ ላም አለችላችሁ። ላም ሚቴን ታወጣለች፣ አይካድም፤ ብዙም ታወጣለች። ጠበቃ የላትም፣ መግለጫም አትሰጥም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ ነበር አባቶች። አሁን ጋዝ አለኝ በሰማይ፣ ቁጥሩንም አላይ ሆኗል።

በ2021 ግላስጎው ላይ ደግሞ ትልቅ ቃል ተገባ። ሚቴንን እስከ 2030 ድረስ ከ2020 መጠኑ በ30 በመቶ እንቀንሳለን ተባለ። አሁን ከ150 በላይ አገሮች አሉበት። እኔ በጣም ደግፌዋለሁ። ያልቆጠሩትን ነገር እንደ መቀነስ የሚቀል ሥራ የለም። እኛ ቢሮ ቢሆን እስካሁን 98 በመቶ ጨርሰነው ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ የገንዘቡ ነገር ነው። የሚፈሰው እኮ ቆሻሻ አይደለም፤ የሚሸጠው ጋዝ ራሱ ነው። ከሚወጣው ቀላል የማይባለውን ይዞ መሸጥ ወጪውን ይመልሳል ይላሉ የኢነርጂ ኤጀንሲው ሰዎች። ታዲያ ሸቀጡን እያፈሰሰ ሪፖርቱን ደረቅ አድርጎ የሚያቀርብ ነጋዴ ከጥቅም በላይ ለክብሩ የቆመ ሰው አይደለም?

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ከእኛ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ኦጋዴን ውስጥ፣ ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ 50 ዓመት አልፎታል። የጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። ለአገር ደስታ ነው፤ እዚህ አልሾምጥም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። ገና አዲስ ነው፣ ያረጀ ቱቦ የለውም። አንድ የማያስተኛው ወጣት መሐንዲስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋዙን የሚያሳየውን ካሜራ ይዞ እየዞረ ቢለካስ? ያገኘውን እንዳገኘው ቢጽፍስ? ወንበር ቆጠራ የማያውቅ ትውልድ ቢፈጠር እኛ የት እንገባለን? ስለዚህ ማመልከቻዬን አዘጋጅቻለሁ። የ17 ዓመት ልምድ፣ የራስ ካልኩሌተር፣ ሽታ የማይለይ አፍንጫ።

አፍንጫዬ ግን ባለፈው ሳምንት አሳጣኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ቡታጋዙን ልለኩስ ስል ይሸታል። ቡታጋዝ ሚቴን አይደለም፤ ግን እሱም በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ሽታው ሰው እንዲያውቅ ሆን ተብሎ የሚጨመር ኬሚካል ነው። በ1937 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ሽታ በሌለው ጋዝ ፈንድቶ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ቴክሳስ ጋዝ ላይ ሽታ እንዲጨመር በሕግ ያዘዘችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጎረቤቴ እማማ በር ላይ ሆነው ሸተታቸው።

"አንተ ልጅ፣ ጋዝህ ያፈሳል" አሉኝ።

"የለም እማማ፣ የአንድ ቤት ቱቦ በአማካይ አያፈስም።"

"ምን አባቱ ነው አማካይ?"

"ስሌት ነው።"

"አቦ አትነጅሰኝ!" ብለው ገቡ። ክብሪቱን ከእጄ ነጠቁኝ። መስኮት ከፈቱ። በኩባያ ሳሙና በጥብጠው አረፋውን ቱቦው ላይ ቀቡት። መገጣጠሚያው ጋ አረፋው ተነፋ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ተነፋ። አምስት ብር የማይሞላ ሳሙና ነው። ሳተላይት የላቸው፣ ዲግሪ የላቸው።

"ይኸው" አሉኝ፣ ጣታቸውን ቀስረው።

"እንፋሎት ይሆናል" አልኩ።

ምንም አልመለሱልኝም። ሲሊንደሩን ዘጉ፣ ሬጉሌተሩን ነቀሉና ይዘውት ሄዱ። "ቱቦውን ሳትቀይር አትመልሰውም" አሉ ከደጅ ሆነው።

የትናንት ሽሮ ቀዝቅዞ በላሁ። የዕለቱን ሪፖርት ስሞላ ግን እራቱ 98 በመቶ ትኩስ ነበር።