ላም አለኝ በሰማይ፣ አሞራ አለኝ በገደል

ትናንት እራት ላይ ሳለሁ ወዳጄ በስልክ አሥራ ሰባት ፎቶግራፎች ላከልኝ። አሥራ ሰባቱም ግራጫ ገደል ናቸው። ከሥር «አየሃት?» ይላል። ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ ፈለግሁ፤ ድንጋይ ነው። አዙሬ አየሁ፤ የተገለበጠ ድንጋይ ነው። ወጡ ቀዘቀዘ። «አየኋት፣ ታምራለች» ብዬ ጻፍኩለት።

እንዲህ ዓይኔን ሳላሽ መዋሸትን ያስለመደኝ እሱ ነው። ሁለታችንም በርን ከተማ ነው የምንኖረው። ስዊዘርላንድ ሲመጣ ከወፍ ወገን የሚያውቀው ዶሮን ነበር፣ እሷንም ከእንቁላሏ ጋር በወጥ። አሁን ፈቃድ በወጣ ቁጥር ባለሦስት እግር መነጽሩን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። ባለፈው ሰኔ «አእምሮህ ይረፍ» ብሎ እኔንም ሎይከርባድ ወሰደኝ። ሎይከርባድ ሰው ፍል ውኃ ሊዘፈዘፍ የሚሄድባት የቫሌ መንደር ናት። እኛ ግን ፍል ውኃውን በሩቁ ተሳልመን፣ በገመድ በሚጎተት ካቢን ጌሚ ወደሚባለው የተራራ በር ወጣን። «ከፍታው እንዳያዞርህ ውኃ ጠጣ» አለኝ መንገድ ላይ። ጌሚ 2,300 ሜትር ግድም ነው። ሰውየው ተወልዶ ያደገው ሽሮ ሜዳ ነው! ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ነው ጌሚ የሚደርሰው።

ገደሉ አፋፍ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። የምንጠብቃት ወፍ በጀርመንኛ ማወርሎይፈር ትባላለች፣ ግንብ ላይ ሯጭ እንደ ማለት ነው። ክንፏ ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ አለው። ካልዘረጋችው ግን ግራጫ ወፍ በግራጫ ድንጋይ ላይ ናት። ብስኩት ስከፍት ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያፏጨሁ ይመስል ገላመጡኝ። ወዳጄ «መጣች!» ሲል ወደ መነጽሩ ጎንበስ አልኩ። «ሄደች» አለ። አሮጊቷ ፈገግ ብለው «አየሃት?» አሉኝ። አዎ አልኩ፣ ምን ልበል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይህን ተረት ያወጣው አበው እዚህ አፋፍ ላይ ሦስት ሰዓት ሳይቀመጥ አልቀረም።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ወፍ ሳይ ነው የኖርኩት! ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ የአጎቴ ማሽላ ባሸተ ቁጥር ወፍ ሳይንጫጫ ማማ ላይ እወጣለሁ። ግሪሳ እንደ ጭስ ተነሥቶ ሲመጣ ጅራፍ አጮኻለሁ፣ ወንጭፍ እወረውራለሁ፤ ሲመሽ ድምፄ ተዘግቶ እወርዳለሁ። ባርኔጣ የሰጠኝ የለም፤ አእምሮህ ይረፍ ያለኝም የለም። አጎቴ ለመከር ሸራ ጫማ ሊገዛልኝ ቃል ገብቶ ነበር። መከሩ ሲገባ «ግማሹን እሸት ያነከትከው አንተ ነህ» ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። ሦስት ራስ ነው የበላሁት። ሦስት! ስለ ግሪሳው ምንም አልተባለም።

እኩለ ቀን ላይ ጥላ አለፈብን። አጥንት ሰባሪው ጥንብ አንሳ ነው፣ ባለ ጢሙ፤ ክንፉ ተዘርግቶ ሦስት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። እዚህ አልዋሸሁም፣ እውነት አየሁት። ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ላይ በአናት የሚያልፈው ያው አሞራ ነው። ምግቡ ከሞተ እንስሳ የተረፈ አጥንት ነው፤ ትልቁን ከከፍታ ድንጋይ ላይ ጥሎ ይፈረካክሰዋል። የአልፕስ ሰው ግን ጠቦት ይነጥቃል፣ ሕፃን ሳይቀር ይወስዳል ብሎ አማው፤ ለገዳዩ ሽልማት እየከፈለ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከተራራው አጠፋው። በኋላ ሐሜቱ ሐሜት መሆኑ ሲገባው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ኦስትሪያ፣ በ1991 ደግሞ ስዊዘርላንድ በብሔራዊ ፓርኳ ውስጥ፣ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ከገደል ጎጆ እያስቀመጡ ዘሩን መለሱት። አሞራ ስሙ ታደሰለት፤ ተካሰ። አጎቴ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የሸራ ጫማውን ነገር ሳነሳበት ብቻ ስልኩ ይቆራረጥበታል።

የጀመርኩት ስለ ፎቶግራፎቹ ነበር። ይህን ስጽፍ ስልኬ ጮኸ፣ አሥራ ስምንተኛው። «ይቅርታ፣ የትናንቶቹ ወፏ ሳትመጣ ያነሳኋቸው ናቸው። ያለችበት ይህ ነው» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «ቆይ፣ ትናንት ምኗን ነው ያየኸው?»

እስካሁን አልመለስኩለትም።